አሥራ ስድስቱ ሰማያዊ ሞላዎች

ከባለቤቴ ከዳዊት ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ዕቃ ቤት ማጽዳት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ነበር። እሱ ከላይ ካለው መደርደሪያ እያወረደ ያቀብለኛል፣ እኔ የሚጣለውንና የሚቀረውን እለያለሁ። እኔ ይጣል ያልኩትን እሱ ሰርቆ ይመልሰዋል። ከሁሉም ኋላ አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አወረደና ክዳኑን በማንኪያ እጀታ ፈልቅቆ ከፈተው። የአሮጌ ዘይትና የላምባ ሽታ ወጣ። ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለሉ አሥራ ስድስት ሞላዎች ነበሩ፤ ጫፋቸው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ርዝመታቸው ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ። ዳዊት አንዱን በሁለት መዳፉ መሀል አድርጎ ሊጨምቀው ሞከረ። ንቅንቅ አላለለትም።

«ይሄ የምን ሞላ ነው፣ ምሕረት?»

«የሞተር ነው። ቫልቭ የሚዘጋ።»

«አንቺ የሞተር ሞላ ምን ያደርግልሻል?»

«ረጅም ነው ታሪኩ። ምሳ እንብላና እነግርሃለሁ» አልኩት።

ከምሳ በኋላ እንግዳ መጣ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ዋልን። ሰኞ ልጃችንን ትምህርት ቤት አድርሰን ሁለታችንም ሥራ ገባን። ሐሙስ ጠዋት ዳዊት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ሆስፒታል ስንደርስ ልቡ ቆሞ ነበር።

ታሪኩን አልነገርኩትም። ከዚያ ወዲህ እጄ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ያጠብኩትን ድስት መልሼ አጥባለሁ፤ ወንበር ከግድግዳ ወደ ግድግዳ አዛውራለሁ። እኅቴ አይታ አይታ «እስቲ ቁጭ ብለሽ የሆነ ነገር ጻፊ» አለችኝ። በቀን ግማሽ ገጽ ከሆነልኝ ጥሩ ነው። መሀል ላይ ተነሥቼ ድስቱን አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

የሞላዎቹ ታሪክ የጀመረ ክረምት አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ተዘግቷል፤ ከተማችን ሆሳዕና ጭቃ በጭቃ ሆናለች። እናቴ አድነች ገበያው ጥግ ላይ ቆጮ ታከፋፍላለች። ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ ላምቦሮ፣ አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሞተር ሲሠራ ኖሮ፣ በዚያው ዓመት አንድ ሻንጣና አንድ የመፍቻ ሳጥን ይዞ ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ ቤት ውስጥ አይነሣም። እናቴ ግን ለጎረቤት በቀስታ «የሰው ሞተር አቃጥሎ ነው» ስትል ሰማኋት። እኔ የታየኝ እሳት ነው፤ ነበልባል፣ የሚሮጥ ሰው፣ ባልዲ። ምሳ ሲበላ እጁንና አንገቱን እያየሁ ጠባሳ እፈልግበት ነበር። ስላላገኘሁ ሸሚዙ ውስጥ ነው ብዬ ደመደምኩ።

አጎቴ ከስታዲየሙ በታች ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ጋራዥ ከፈተ። ሰው ጎማ ያመጣለታል፤ አልፎ አልፎ የወፍጮ ሞተር። የመኪና ሞተር የሚያመጣለት አልነበረም፤ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። በዚያ ላይ ዐይኑ ቅርብ ያለ ነገር አያይለትም፤ መነጽር ደግሞ ያፍራል። «መነጽር ያደረገ መካኒክ ማን ያምናል?» ይላል። ስለዚህ የክረምት ሥራዬ የአጎቴ ዐይን መሆን ሆነ። የመፍቻ ቁጥር አነባለሁ፣ የቡሎን ጥርስ አያለሁ፣ የወደቀ ሮንዴላ ከጭቃ ውስጥ እለቅማለሁ። ማታ ማታ እጄ ላምባ ላምባ ይሸታል፤ እናቴ በሳሙና ፈትጋ ፈትጋ ትሰለቻለች።

ነሐሴ ላይ ኑረዲን መጣ። ኑረዲን የመለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ ቤተሰቡ ከጉራጌ የመጣ፣ ከአጎቴ ጋር አንደኛ ደረጃ አብሮ የተማረ ነጋዴ ነው። ይዞ የመጣው ነጭ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ያላት መኪና ነበረች። ከመስቀል በኋላ አዲስ አበባ አቅራቢያ የሽቅብ እሽቅድድም አለ፤ እዚያ ሊነዳት ነው።

«አንተ» አለው አጎቴ፣ «ልጅ ሆነህ ከኳስ ሜዳ እስከ ቧንቧው መሮጥ ያቅትህ አልነበር?»

«ለዚህ አይደል መኪና የገዛሁት።»

«አዲስ አበባ ለምን አትወስዳትም?»

ኑረዲን ጎማዋን በጫማው ነካ ነካ አደረገ። «አዲስ አበባ የሚያውቀኝ የለም» አለ። «አንተ ብታበላሻትም ቤትህን አውቀዋለሁ።»

ያን ቀን አጎቴ እቤት መጥቶ ለእናቴ ነገራት። ሁለቱ ሲያወሩ በሀዲይኛ ነው፤ ስለ ሞተር ሲሆን ግን አጎቴ ሳያስበው ወደ አማርኛ ይዞራል። «ይሄ ከሰመረልኝ እዚህ አገር መካኒክ ነኝ፣ አድነች። ካልሰመረ ዕድሜዬን ጎማ ስለጥፍ እኖራለሁ።» እናቴ «እግዚአብሔር ይርዳህ» ብላ ወጥ ጨመረችለት። እኔ መብላት አቆምኩ። ጎማ ለመለጠፍ ሲጎነበስ ወገቡን እንዴት እንደሚይዝ አውቃለሁ።

ኑረዲን ለሞተሩ አዲስ ካም አስመጥቶ ነበር፤ ካም ማለት እየዞረ ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ ነው። አዲሱ ከፋብሪካው ካም ይልቅ ከፍ አድርጎና አፍጥኖ ስለሚከፍት የድሮዎቹ ሞላዎች አይመጥኑትም። ለዚያ ደግሞ ከዱባይ ሁለት ካርቶን ሞላ አምጥቷል፤ አንዱ ቀይ የተቀባ፣ አንዱ ሰማያዊ። አጎቴ አንድ አንዱን አንሥቶ በእያንዳንዱ እጁ ያዘ።

«ቫልቭ በር ነው፣ ሚሚ» አለኝ። «ካሙ ይከፍተዋል፣ ሞላው ይዘጋዋል። ሞተሩ ሲያዘግም ማንም ሞላ ይበቃል። ሲፈጥን ግን ሞላው ለስላሳ ከሆነ በሩ ሳይዘጋ ፒስተኑ ከሥር ይደርስና ይገጨዋል። አለቀ።»

«ታዲያ ጠንካራውን ነዋ የምናስገባው።»

«በጣም ከጠነከረ ደግሞ ካሙን ይበላዋል።»

እኔ ሰማያዊውን አገላብጬ ጥርሱን ፈለግሁ።

ከካርቶኖቹ ውስጥ ስለ ሞላዎቹ ጥንካሬ የሚናገር ወረቀት ነበር። አጎቴ እንዳነብለት አልፈለገም፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «አዲስ አበባ ያቃጠለኝ ወረቀት ነው» አለ። ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። እዚያ ሳለ በካርቶን ላይ የተጻፈውን አምኖ፣ ሳይመዝን፣ ለስላሳ ሞላ አስገብቷል፤ ቫልቩ ፒስተን ገጭቶ ሞተሩ ተሰባበረ። እሳት አልነበረም። ትንሽ ከፋኝ፤ ጠባሳውን ለጓደኞቼ ሁሉ አውርቼ ነበር።

«አሁን በገዛ ዐይኔ መዝኜ ነው የማስገባው» አለና፣ ቆም ብሎ «በገዛ ዐይንሽ» አለ።

ሚዛን አስፈለገ። የሱቅ ሚዛን ትንሽ ነው፤ የእህል ሚዛን ደግሞ በጣም ትልቅ ነው። ልክ የሚመጣው የእናቴ ነበር፣ ጠፍጣፋ ብረት ከሥሩ፣ ክብ ፊት ከፊት ለፊቱ።

ስለዚያ ሚዛን ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ቆጮ የሚመጣው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጠፍሮ ነው። እናቴ ለሰው ቅጠል መሸጥ ነውር ነው ትላለች። አባቴ በሕይወት ሳለ የሚዛኑን ሆድ ከፍቶ መርፌዋን ወደ ኋላ መልሶላት ነበር። መርፌዋ ዜሮ ላይ ያለች ሚስማር ተደግፋ ትተኛለች፤ ሦስት ኪሎ እስኪጫንባት አትነሣም። ሦስቱ ኪሎ ለቅጠሉና ለገመዱ ነው። ገበያተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ከሀቢቾና ከጊምቢቹ ሊገዙ የሚመጡት ሴቶች ሌላውን አልፈው እናቴ ዘንድ የሚመጡት ለዚህ ነው። አዲስ አበባ የኖረው አጎቴ ግን አያውቅም። እናቴም ሞላ እንዴት እንደሚመዘን አታውቅም፤ «ለመስቀል ገበያ መልስልኝ እንጂ ውሰደው» ብቻ አለችው።

እኔ አውቃለሁ። ሁለቱንም የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ግን በልጅነት ጭንቅላቴ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሚዛኑ ሦስት ኪሎ የሚቀንሰው ለቅጠሉ ነው፤ ብረት ቅጠል የለውም፤ ስለዚህ ከብረት ላይ አይቀንስም።

አጎቴ የቆመውን የብረት መብሻ ድሪል ጠረጴዛ አውልቆ ሚዛኑን ከሥሩ አስቀመጠ። ሞላው ሚዛኑ ላይ ይቆማል። ድሪሉ ወርዶ ሞተሩ ውስጥ የሚኖረውን ቁመት እስኪይዝ ይጫነዋል፤ መቆሚያውን እንዳያልፍ በልክ የተቆረጠ ቱቦ ከጎኑ አለ። ያኔ መርፌዋን አነባለሁ። አዲሱ ካም የሚፈልገው ከሠላሳ እስከ ሠላሳ ሦስት ኪሎ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድብ እየጮኽኩ ነበር የማነበው።

ቀዮቹን ጨረስን። ሃያ ስምንት፣ ሃያ ስምንት፣ አንዱ ሃያ ስምንት የማይሞላ። ሰማያዊዎቹ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሁለት፣ እስከ መጨረሻው።

አጎቴ አልተነሣም። አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አቁሞ በመዳፉ ተራ በተራ ተጫናቸው፣ ዐይኑን ጨፍኖ።

«እጄ ቀዩ ነው ልኩ ይለኛል» አለ። «ሚሚ፣ እስቲ አንዱን ደግመሽ አንብቢልኝ።»

ድሪሉን አወረደ። «ሃያ ስምንት» አልኩ።

መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። «እጄ አርጅቷል ማለት ነው።»

ሰማያዊዎቹን አስገባ።

ሞተሩ የተነሣ ዕለት ኑረዲን ሱቁን ዘግቶ መጣ። ድምፁ ስታዲየሙ ድረስ ይሰማል። ጎማ ብቻ ያመጡለት የነበሩ ሰዎች ገብተው ቆሙ፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። አጎቴ ትከሻዬን ይዞ «ቁጥሩን ያነበበችው እሷ ናት» አላቸው። ሰዎቹ ተራ በተራ ጨበጡኝ። ትልቅ ሰው ሲጨብጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ኑረዲን መኪናዋን ዓርብ ሊወስዳት ተስማሙ፤ እስከዚያ አጎቴ በየቀኑ እያስነሣ ሊያለማምዳት።

ሚዛኑን ለእናቴ መለስን። ማክሰኞ ዕለት ጎረቤታችን አልማዝ አራስ ልጇን አቅፋ ሱቃችን መጣች። ልጁ ጡት አልጠባ ብሎ አስጨንቋታል።

«እስቲ እዚህ ላይ ላስተኛው፣ አድነች። ጤና ጣቢያ ድረስ በዚህ ዝናብ ከምሄድ።»

አስተኛችው። መርፌዋ ዜሮ ላይ እንዳለች ቀረች፤ ትንሽ ተንፈራገጠች እንጂ አልተነሣችም። አልማዝ ፊቷ ጠቆረ።

«ምን ሆነሽ ነው የምትደነግጪው» አለች እናቴ እየሳቀች። «ይሄ ሚዛን ልጅሽን በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ መስሎት ነው። የሚዛን ድንጋዩን አብረሽ አድርጊና ኋላ የሱን ቀንሰሽ ሦስት ጨምሪበት።»

ሁለቱም ሳቁ። ሕፃኑ ራቁቱን ነበር። ቅጠል የለውም። ገመድ የለውም። ሚዛኑ ግን ቀንሶበታል።

የት እንደምገባ ጠፋኝ። ከሱቁ ወጥቼ እስከ ጋራዡ ሮጥኩ፤ በር ላይ ስደርስ አጎቴ መኪናዋን አስነሥቶ በፉጨት መዝሙር ያወርዳል። ቤተ ክርስቲያን የማይሄደው አጎቴ። ተመለስኩ። ረቡዕ ምሳውን ይዤ ሄድኩ፤ የተሰመረ አዲስ ደብተር ገዝቶልኝ ጠበቀኝ፣ «ስድስተኛ ክፍል ስትገቢ» ብሎ። ተቀብዬው ተመለስኩ። ሐሙስ ሄጄ ሞተሩ አጠገብ ቆሜ አዳመጥኩ። ድምፁ ጥሩ ነበር። ጥሩ ከሆነ ምን ቸገረኝ፣ ምናልባት ሦስት ኪሎ ምንም አይደለም፣ ምናልባት የዱባይ ብረት ይችለዋል እያልኩ ቀኑን ሙሉ ከቤት ጋራዥ፣ ከጋራዥ ገበያ ተመላለስኩ። እናቴ «ምን ነክቶሻል፣ ሆድሽን ነው?» ብላ ግንባሬን ዳበሰች።

ዓርብ ከሰዓት ኑረዲን መጣ፤ መሪ ጨብጦ ተቀመጠ። አጎቴ ቆርቆሮ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት። እኔ በሩ መሀል ሄጄ ቆምኩ።

«ልጅቷ ምን ሆናለች?» አለ ኑረዲን በመስኮት።

«ሚሚ፣ ውረጂ ከመንገድ።»

«ሚዛኑ ሦስት ኪሎ ይቀንሳል» አልኩ። ሞተሩ ስለሚጮኽ አልሰሙኝም። አጎቴ ኑረዲንን አጥፋው ብሎ በእጁ አመለከተው። ሞተሩ ሲጠፋ ድምፄ ለራሴም በዛብኝ። «የእማዬ ሚዛን ለቅጠል ሦስት ኪሎ ይቀንሳል። ከብረትም ይቀንሳል።»

መጀመሪያ የሳቀው ኑረዲን ነው። «ላምቦሮ፣ በቆጮ ሚዛን ነው በለኛ የሠራህልኝ።»

አጎቴ አልሳቀም። ከንፈሩ ሲቆጥር አየሁት። «ቀዩ ሠላሳ አንድ» አለ። «ሰማያዊው ሠላሳ አምስት።» መዳፉን ገልብጦ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«የቅጠሉን ድሮ ነው የማውቀው። የብረቱን ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ።»

ኑረዲን ቁልፉን ይዞ ወረደ። «ተወው በቃ። ሁለት ኪሎ ቢበልጥ ምን አላት? ለአንድ ውድድር አይደል? ሰው እንኳ አያውቅም።»

እውነቱን ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ከመንገድ ማዶ የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ያቺ መኪና አሁን ከወጣች አጎቴ መካኒክ ነው። ከፈታት ደግሞ ወሬው ከስታዲየሙ ሳይወጣ ገበያ ይደርሳል።

«ቁልፉን ስጠኝ» አለ አጎቴ።

«መስቀል እኮ ደረሰ…»

«ስጠኝ፣ ኑረዲን።»

ማዶ የነበሩት ሰዎች እያዩ የሞተሩን ክዳን አወለቀ። እኔን ማንም ሂጂ አላለኝም፤ ነይ ያለኝም የለም። ብዙ ቆይቶ ጣቴን ይዞ ካሙ ጉብታ ላይ አስቀመጠው። ከላይ እንደ መስተዋት የሚያንሸራትተው ብረት አንድ ቦታ ላይ ይሻክራል።

«ይሰማሻል?»

«አዎ።»

«ቆዳው ነው የተነካው። አንድ ሳምንት ቢቆይ ሥጋው ነበር።» ጣቴን ለቀቀው። «ሦስት ቀን ምን ስታደርጊ ነበር?»

«ድምፁን ሳዳምጥ።»

«ምን አለሽ?»

«ደህና ነበር።»

«ደህና ይመስላል» አለ። «መጀመሪያ ሁሌ ደህና ነው የሚመስለው።»

አልተቆጣም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። በነጋታው ሱቅ ድረስ መጥቶ እናቴ ፊት ቀዮቹን በሚዛኑ ላይ እንደገና መዘነ፤ ሦስት እየጨመርኩ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናቴ ሁለት ጊዜ «እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት» አለች። እሱም ሁለቱንም ጊዜ «ሞኝ ነኛ» አላት። ካሙን በዘይት በራሰ መሳያ ድንጋይ አለሰለሰ፣ ቀዮቹን አስገባ። የከተማው ሰው ለመስቀል በሬ ሲጎትት እሱ ዘይት ውስጥ ነበር። ሰማያዊዎቹን ኑረዲን አልፈልግም ስላለ አጎቴ በጨርቅ ጠቅልሎ ቆርቆሮ ውስጥ ከትቶ ለእኔ ሰጠኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።

ኑረዲን አላሸነፈም። መኪናዋ ግን ሽቅቡን ወጥታ፣ በራሷ ጎማ ሆሳዕና ተመለሰች። ጥቅምት ላይ ከሺንሺቾ አንድ ሰው የሚኒባስ ሞተር ጭኖ መጣ። «የሠራውን የሚፈታው መካኒክ ያለው እዚህ ነው?» ብሎ ነው የጠየቀው።

ይህን ነበር ለዳዊት ልነግረው የነበረው። ብነግረው ይስቅ ነበር፤ በአልማዝ ልጅ ላይ በተለይ።

ሌላም ልጽፈው የሚገባ አለ፤ ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ መስመር ላይ ቆሜያለሁ። ዳዊት ከመሞቱ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ከገበያ ስንመለስ ዳገቱ መሀል ላይ ይቆም ነበር። ስልክ የሚያይ ይመስላል፤ ስልኩ ግን አልበራም። አንድ ጊዜ «ምነው?» አልኩት። «ጨጓራ ነው» አለኝ። ላቡን አይቻለሁ። ቤት ስንገባ ቀለሙ ተመለሰ፣ በላ፣ ቀለደ። ደህና ነው አልኩና ሌላ አልጠየቅሁም።

ዳዊት ካረፈ ሰባት ወር ሆነው። አሁን መኪናውን እኔ እነዳለሁ። ጠዋት ልጃችንን ትምህርት ቤት አደርሳትና ወደ ጊምቢቹ ሄጄ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ሞተሩን ሳስነሣ ድምፁ ደህና ቢመስለኝም፣ ሳልወጣ ክዳኑን ከፍቼ አያለሁ።